የእትዬ ቡና ለምን ገረጣች?

ፎቶው የደረሰኝ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ በቴሌግራም።

«ልጄ፣ ቡናዬ ታማብኛለች። እስቲ እያት።»

ላኪዋ ሙኒክ ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ የጅማ ሴት ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እኔ ደግሞ አገር ቤት ግብርና ተምሬ እዚህ መኪና እየነዳሁ የምኖር ሰው ነኝ። የማውቀው ሐበሻ ሁሉ ጤና አዳሙ ሲደርቅበት፣ በሶብላው ሲጠወልግበት እኔን ያስታውሳል። መኪና ሲበላሽበት ግን ማንም አይደውልልኝም።

ፎቶው ላይ ቁመቷ እስከ ወገብ የሚደርስ ቡና ትታያለች። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ናቸው። የላይኞቹም ቢጫ ቢጫ ይላሉ። ግድግዳው ቢጫ፣ ሶፋው ቢጫ፣ መጋረጃውም ቢጫ። ለካ አምፖሉ ነው! ያኔ ግን አላስተዋልኩም። ደክሞኛል፣ አልጋ ውስጥ ነኝ፣ ቶሎ መልስ ሰጥቼ መተኛት ነው የፈለግኩት።

«ምግብ አንሷት ነው» ብዬ ጻፍኩ። «ናይትሮጅን ያለበት ፈሳሽ ማዳበሪያ ይስጧት።»

ግምቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ናይትሮጅን ተክል ውስጥ ከቦታ ቦታ ይሄዳል። ሲያጥር ተክሏ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቃ ለአዲሱ ትሰጣለች። ስለዚህ የታችኛው ቅጠል ቀድሞ ይገረጣል። መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው። ችግሩ የታችኛውን ቅጠል ቢጫ የሚያደርግ ሌላም ነገር መኖሩ ነው። ቤት ውስጥ በማሰሮ የተተከለ ተክል ላይ ደግሞ ያኛው ይበዛል። እሱን ለማወቅ አፈሩን መንካት ያስፈልጋል። በቴሌግራም አፈር አይነካም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ፎቶ መጣ። አሁን የቅጠሎቹ ጫፍ በእሳት የተለበለበ መስሎ ቡናማ ሆኗል። ስልክ ደወልኩ።

«ማዳበሪያውን ሰጥተዋታል?»

«እንዴታ! ትበርታልኝ ብዬ አንድ ክዳን የተባለውን ሁለት አደረግኩላት።»

በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄድኩ።

በር ስገባ ዕጣኑ ተቀበለኝ። ቡናው ተቆልቶ አልቋል። የጭስ ጠቋሚው እንዳይጮህ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውጭ ደግሞ የኅዳር ብርድ። የታመመችው ቡና እዚያው መስኮት ሥር፣ ከሃይዙንጉ አጠገብ ቆማለች። ሃይዙንግ የምንለው ግድግዳው ላይ ያለውን ማሞቂያ ነው። ከላይ ብርድ፣ ከጎን ሙቀት። በልቤ «አገኘሁት!» አልኩ። ይሄም ልክ አልነበረም።

አቦል ጠጣን። ቶና ጠጣን። በረካው ሲያልቅ እትዬ ጀበናውን ይዘው ብድግ አሉ። ወደ ማድ ቤት የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ቀጥ ብለው ወደ ቡናዋ ሄዱ፤ አተላውን ከነውሃው ማሰሮው ውስጥ ገለበጡት።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«የራሷ ነው እኮ ልጄ። ጠረኑን ትወደዋለች።»

ቡናን ቡና ማጠጣት! ሳቅኩ። ግን ወዲያው አፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ብር ብር ሲሉ አየሁ። እነዚህ ዝንቦች እርጥብ አፈር ሳያገኙ አይባዙም። ሳቄን ዋጥኩና ሥራ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ቡናዋን ወደ ብርሃን አወጣኋት። የቀን ብርሃን ላይ ስትታይ ሌላ ተክል ሆነች። ቢጫዋ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ሁለት ነበር። ማታ በአምፖል የተነሳው ፎቶ ሁለቱን አንድ አድርጎ አሳይቶኛል።

የታችኞቹ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ቢጫ ናቸው። ልስልስ ብለዋል፤ ነካ ሲያደርጓቸው ይወድቃሉ። የላይኞቹ፣ ገና ያደጉት፣ ግን መሬታቸው ገርጥቶ ጅማት የሚመስለው አውታራቸው አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቷል። አንዱን ቅጠል በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቼ አየሁት። በነጣ ቢጫ ጨርቅ ላይ በአረንጓዴ ክር መረብ የተሠራበት ይመስላል። ትልቁ አውታር አረንጓዴ፣ ከሱ የሚወጡት ቀጫጭኖችም አረንጓዴ፣ በመካከላቸው ያለው ሁሉ የሎሚ ልጣጭ መልክ።

ይሄኛው የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን አይችልም። አዲስ ቅጠል ላይ እንዲህ መረብ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ብረት እንደ ናይትሮጅን ከአሮጌ ቅጠል ተነስቶ ወደ አዲስ አይሄድም፤ አንዴ የገባበት ይቀራል። ስለዚህ ሲያጥር የሚጎዳው አዲሱ ቅጠል ነው። ማግኒዚየም ሲያጥርም በአውታሮቹ መካከል ይገረጣል፤ እሱ ግን ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ነው የሚጀምረው። እና አሁን ለማንም ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ቢጫው ከታች ነው የጀመረው ከላይ? እትዬን ያኔ ማታ ይህችን አንዲት ጥያቄ ብጠይቃቸው ኖሮ የማዳበሪያው ጣጣ አይመጣም ነበር።

ከዚያ ማሰሮውን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ከበደኝ! ያቺን የምታህል ቡና እንደዚያ መክበድ የለባትም። ከውጭ ያለው የሚያምር ባለ ቀለም ሸክላ ነው፤ ከሥሩ ቀዳዳ የለውም። ውስጡ ደግሞ ከሱቅ ስትገዛ የመጣችበት የፕላስቲክ ማሰሮ አለ። ፕላስቲኩን መዝዤ ሳወጣው የሸክላው ሆድ ውስጥ ሦስት ጣት የሚሞላ ጥቁር ውሃ ተኝቷል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል። እትዬ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ከኔ ቤት?»

ቡናዋን ከፕላስቲኩ አወጣኋት። የላይኞቹ ሥሮች ነጣ ያሉ፣ ጠንካራ ናቸው። የታችኞቹ ቡናማ ሆነው ሟሙተዋል። አንዱን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው ልጣጩ እንደ ካልሲ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥላ ቀረች። ሥር በስብሷል የሚባለው ይሄ ነው። ሥርም አየር ይፈልጋል። ውሃ ውስጥ ሲተኛ ይታፈናል፤ ከታፈነ ይበሰብሳል። ሥሩ የሞተባት ተክል ደግሞ ውሃ ላይ ቆማ ትጠማለች፤ ምግብ ላይ ቆማ ትራባለች። እኔ በላይዋ ላይ ማዳበሪያ አስጨመርኩባት። ጫፏ ለምን እንደተለበለበ ገባኝ።

እዚያው ሌላም ነገር አየሁ። እትዬ አንድ ዛፍ ነች ያሏት ቡና አንድ አይደለችም። ግንዶቹን ቆጠርኳቸው፤ 9 ናቸው። እዚህ ሱቆች ቡናን ለቤት ጌጥ ሲሸጡ ብዙ ችግኝ አንድ ላይ አጭቀው ነው። ገና ከጅምሩ ለምለም መስላ እንድትታይ ነው። ጅማ ውስጥ አንዱ ቡና ከሌላው ሁለት ሜትር ርቆ ነው የሚተከለው። እዚህ 9ኙ በአንድ የሹሮ ድስት በምታህል ማሰሮ ውስጥ 4 ዓመት ተጋፍተዋል።

«ስንት ጊዜ ነው የሚያጠጧት?»

«በሳምንት ሁለቴ። በጋም ክረምትም። አላጓድልባትም።»

እትዬ ክረምት ያሉት የዚህን አገር ብርድ ነው። ሙኒክ ውስጥ በታኅሣሥ ቀኑ ከ8 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍም፤ እሱም አብዛኛው ዳመና ነው። ጅማ በዚያው ወር ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን ታገኛለች። ብርሃን ሲያንሳት ቡና እድገቷን ታቀዘቅዛለች፤ የምትጠጣው ውሃም ያንሳል። በሐምሌ በሦስት ቀን የምትጨርሰውን በኅዳር በሁለት ሳምንትም ላትጨርሰው ትችላለች። በዚያ ላይ የእሑዱ አተላ አለ።

እስከዚህ የታችኛው ቢጫ ታወቀ። የላይኛውስ? ሥሩ የታፈነ ተክል ብረት ለመሳብም ይቸገራል፤ እሱ አንድ ምክንያት ነው። ግን እትዬ አዲሱ ቅጠል መገርጣት የጀመረው ባለፈው ዓመት፣ በበጋ እንደሆነ ነገሩኝ። ያኔ ዝንብም ሽታም አልነበረም። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

የማሰሮው ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። የማዳበሪያ ጨው ሊሆን ይችላል፤ ኖራም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ፍቄ ማንኪያ ላይ አደረግኩና ኮምጣጤ ጠብ አደረግኩበት። ጩስስ ብሎ አረፋ ሠራ። ጨው ቢሆን እንዲህ አይፈላም። ኖራ ነው።

የሙኒክ ውሃ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ አብዛኛው ከማንግፋል ሸለቆ ነው የሚመጣው። ንጹሕ ነው፤ ሰው ከቧንቧው ይጠጣዋል። ግን በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ጀርመኖቹ ካልክ የሚሉት ኖራ ይበዛበታል። ውሃ ማፍያ ጆግ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ታች ላይ የሚጋገረው ነጩ ነገር እሱ ነው። የዓሣ ገንዳ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ የገዛኋትን የካልክ መለኪያ ወረቀት የእትዬ ቧንቧ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። በጀርመኖቹ መለኪያ 16 ዲግሪ አካባቢ አሳየኝ። ከ14 በላይ የሆነውን ካልክ የበዛበት ነው ይሉታል። ከዚያ ከማሰሮው አፈር ቆንጥሬ በተጣራ ውሃ በጠበጥኩና አሲድነት የሚለካውን የፒኤች ወረቀት አስገባሁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ወረቀቷ እንቅጩን አትናገርም፤ ቀለሙ ግን ከ7 አልፎ 7 ተኩል አካባቢ ነው። ቡና የምትወደው አሲዳማ አፈር ነው፤ ከ5 ተኩል እስከ 6 ተኩል ያለውን።

ነገሩ ይገርማል። አገር ቤት በምዕራቡ በኩል አፈሩ አሲድ በዝቶበት ገበሬው ኖራ ፍለጋ ይንከራተታል። እዚህ ደግሞ እትዬ በሳምንት ሁለቴ፣ ለ4 ዓመት፣ ሳያውቁት ቡናቸውን ኖራ አጠጥተዋታል።

ኖራ ሲበዛ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት የትም አይሄድም። አለ። ግን እንደ ዝገት ይሆንና በውሃ አይሟሟም፤ ሥሩም አይስበውም። ይህን ለእትዬ እንዴት እንደማስረዳ ጨነቀኝ። ፒኤች ምናምን ብዬ ጀመርኩ። ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና አቋረጡኝ።

«ደም ማነስ ነዋ!»

«እንዴት እትዬ?»

«እኔም እኮ የብረት ኪኒን እወስዳለሁ። ሐኪሟ ምን አለችኝ? ከቡና ጋር እንዳትወስጂው፣ ሆድሽ ይገባል እንጂ ደምሽ አይገባም አለችኝ። እሷም እንደኔ ሆናለች። ብረቱ አለ፣ አይገባላትም።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ለሰው ሳስረዳ የምጠቀመው የእትዬን አባባል ነው። የሚያግደው ይለያያል፤ ለእሳቸው ቡናው ነው፣ ለቡናዋ ኖራው ነው። መልኩ ግን አንድ ነው።

ሌላውንም ላጣራ ብዬ ቅጠሎቹን ገልብጬ አየሁ። ሃይዙንግ አየሩን ስለሚያደርቀው ቀይ ሸረሪት የሚሏት ጥቃቅን ተባይ በክረምት ትወርራለች። ነጭ ወረቀት ከሥር ይዤ ቅጠሎቹን አራገፍኩ። የሚንቀሳቀስ ነጥብ የለም፤ ድርም የለም። ብርዱስ? ብርድ የመታው የቡና ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል እንጂ እንዲህ ቀስ ብሎ አይገረጣም። መስኮቱ የዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ አይደለም። ቢሆንም ቡናዋን ከሃይዙንጉና ከመስኮቱ አንድ ሜትር አራቅናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አፈር ይዤ ተመለስኩ። በክረምት ተክል ማዛወር አይመከርም፤ አዲስ ሥር ለማውጣት አቅም የላትም። ግን የበሰበሰ ሥር እስከ መጋቢት አይጠብቅም። መካከለኛ መንገድ ያዝኩ። የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ ቆረጥኩ፤ የቀረውን አልነካካሁም። 9ኙንም አልለያየኋቸውም። ለአዛሊያና ለሮዶደንድሮን አበባ የሚሸጠውን አሲዳማ አፈር ሦስት እጅ፣ ፐርላይት የሚሉትን ነጭ ፍርፋሪ አንድ እጅ ቀላቀልኩ። ፐርላይቱ አፈሩ እንዳይጠቀጠቅ ነው። ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ከበፊቱ ሁለት ጣት ብቻ የሚሰፋ። በጣም ሰፊ ማሰሮ ደግነት ይመስላል፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ግን ውሃ አቁሮ ይቀመጣል። የሚያምረውን ሸክላ እትዬ ሊጥሉት አልፈለጉም። ታች ጠጠር አድርገን ቡናዋን ጠጠሩ ላይ አስቀመጥናት።

የውሃው ነገር ብዙ አወያየን። የዝናብ ውሃ ጥሩ ነው፤ ካልክ የለበትም። እትዬ በረንዳ ላይ ባልዲ አስቀመጡ። በረዶ ሲሆንስ? ለልብስ ካውያ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ከቧንቧው ጋር ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ይቻላል። ቧንቧውን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከላይ ከላይ መቅዳትም ከምንም ይሻላል፤ ከካልኩ ብዙው ታች ይቀራል። እትዬ የመረጡት ይሄኛውን ነው። «ውሃ ማፍላትማ ለምጃለሁ» አሉ።

ስንት ጊዜ ማጠጣት? የቀን ቁጥር አልሰጠኋቸውም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ያስገቡ፤ ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ማሰሮውንም ያንሱት፤ ክብደቱን እጅዎ ይለምደዋል። ማዳበሪያ እስከ መጋቢት የለም። አተላም የለም።

እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ተነሳ። «አተላውማ አሲድ አለው፣ አንተም አሲድ ትወዳለች ብለሃል» አሉኝ። ክርክሩ ጥሩ ነበር። ግን የቡና አሲድ አብዛኛው ስኒ ውስጥ ይወርዳል፤ የተፈላው ቅሪት አሲድነቱ እምብዛም ነው። ማሰሮ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ይጋገርና አየር ይከለክላል፤ ዝንቡንም ይቀልባል። በየሳምንቱ የጀበና ውሃ ሲጨመርማ ተዉት። እትዬ አልተዋጠላቸውም፤ ግን እሺ አሉ።

ከዚያ መጥፎው ሳምንት መጣ። በ10 ቀን ውስጥ 11 ቅጠል ረገፈ። በየቅጠሉ ይደወልልኛል። «አምስተኛው ወደቀ» «ስምንተኛው ወደቀ»። እኔም ውስጤ ፈርቶ ነበር፤ ድምፄን ግን አረጋጋሁ። ሥሩ የተቆረጠባት ተክል መሸከም የማትችለውን ቅጠል ትጥላለች። የሚረግፈው የታችኛው ነው፤ ጫፉ ላይ ያለችው ቡቃያ ግን ደርቃ አልጠቆረችም። እሷን ነበር የማየው።

የገና ሰሞን፣ አፈሩ ደርቆ ዝንቡ ሲጠፋ፣ ብረት ሰጠናት። ተራውን የብረት ጨው አይደለም፤ ካልክ ባለበት ወዲያው ይታሰራል። ኬሌት የሚሉት አለ፤ ብረቱ በሌላ ነገር ተጠቅልሎ ኖራው ሳይነካው ሥሩ ዘንድ ይደርሳል። ከኬሌቶቹም ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ላይም ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ግማሹን በጠበጥኩ። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ደም መሰለ። እትዬ አማተቡ።

«ደም ሰጠሃት በለኛ!»

በየካቲት መጀመሪያ ጫፉ ላይ ሁለት ቅጠል ተከፈቱ። ሙሉ አረንጓዴ፤ ቅቤ የተቀባ ይመስል የሚያበሩ። መካከል ላይ ያሉት ገርጣዎች ቀስ ብለው መለስ አሉ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። የታችኛው ቢጫ የነበረውማ አንዱም አልዳነም። የቢጫ ቅጠል መዳን የሚታየው በአሮጌው ሳይሆን በአዲሱ ነው። አሮጌውን እያዩ መድኃኒት የሚለዋውጡ ሰዎች ተክሉን በመድኃኒት ይገድሉታል።

መጋቢት ላይ ለያየናቸው። 9ኙን ሦስት ሦስት አድርገን በሦስት ማሰሮ። ሥሮቻቸው እንደ ሹሩባ ተጠላልፈው ነበር፤ ባልዲ ውሃ ውስጥ እያጠብኩ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። አንዱ ማሰሮ ሞተ፤ ስለያየው ሥሩን ጎድቼው ነው። ሁለተኛው እትዬ ቤት ነው። ሦስተኛውን «የደከምክበት ነው» ብለው ለእኔ ሰጡኝ።

የኔዋ በጋውን በረንዳ ላይ፣ ጥላ ውስጥ አሳለፈች። በጥቅምት ወደ ቤት አስገባኋት። ሰሞኑን ማታ ከሥራ ስገባ ታች ላይ ሁለት ቢጫ ቅጠል አየሁ። ፎቶ አንስቼ ለእትዬ ላክኩላቸው። «እስቲ ይዩልኝ» አልኩ፣ ለጨዋታ።

ወዲያው መለሱ።

«መብራቱን አጥፋና በቀን አንሳው። ደግሞ የውጭው ማሰሮ ውስጥ እጅህን አስገባ።»

አስገባሁ። ሁለት ጣት ውሃ።